በወንድሜ ስም የተጻፈ ጉልበት

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለናዝራዊት ፀሐዬ፤

የጌታ ጸጋና ሰላም ባለሽበት ይብዛልሽ። እኔም ጋሼ ዳኛቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቤልጂየም ብርድ ጀመረ ወይ? ሹራብ ደርቢ እንጂ ለማማር ብለሽ አትቀዝቅዢ።

መደወል ስችል ለምን ወረቀት እንዳነሣሁ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልክ ሲጠራ ጋሼ ዳኛቸው ስፒከር ላይ አድርጎ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው፤ ዛሬ የማወራሽ ደግሞ ስለ እሱ ነው። ደብዳቤ ከሆነ ግን ራሱ ተሸክሞ ፖስታ ቤት ያደርስልኛል እንጂ ቢሞት አይከፍተውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ መክፈት ለሱ ከሌብነት አይለይም። እንግዲህ ሐሜቱን በራሱ እጅ እልክልሻለሁ ማለት ነው። አትሳቂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባታችን ግቢ ልማት ደርሶበት እንደምንነሣ ሰምተሻል። ምትክ ሰጡን፤ ከቤቴል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለው ኮንዶሚኒየም ሁለት ቤት። አንዷ ግራውንድ ላይ ያለች ስቱዲዮ ናት፤ ሌላው አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ሊፍት የለውም። ሄጄ ቆጥሬዋለሁ፣ ስልሳ አራት ደረጃ ነው። አንድ ላይ እንኑር እንዳንል ስቱዲዮዋ የኔን የስፌት መኪናና የሱን አልጋ አብራ አትችልም። ማን ታች፣ ማን ላይ እንደሚገባ ተስማምተን እስከ ጥር ሠላሳ ወረዳ ሄደን መፈረም አለብን። ከተፈረመ በኋላ መለወጥ የለም።

ጋሼ «እኔ ታላቅ ነኝ፣ ፎቁን እኔ እወጣዋለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። አካሄዱን ታውቂዋለሽ። ምርኩዝ ከያዘ አራት ዓመት ሆነው። ቀኝ ጉልበቱ ሲታጠፍ የሚያሰማው ድምፅ ከሳሎን ማድ ቤት ይሰማል። ወገቡ ደርቆ መጎንበስ ስለማይችል ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ። እኔ ግን በሰባ ሁለት ዓመቴ ይኸው የወደቀ መርፌ ከመሬት ጎንበስ ብዬ አነሣለሁ። ሰፈሩ «የሺ ጉልበቷ ብረት ነው» ይላል።

አንቺ እዚያ የሽማግሌና የአሮጊት እግር ስትለኪ ነው የምትውዪው አሉ። እስቲ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ፤ «ዳኛቸው ጉልበቱ ስላለቀ ግራውንድ ይገባዋል» የሚል። ማኅተም ይኑረው። ጋሼ እኔንም አይሰማም፣ ፓስተሩንም አይሰማም፤ ማኅተም ያየ ዕለት ግን ጸጥ ይላል።

በመውጣት በመግባትሽ ይጠብቅሽ።
አክስትሽ የሺእመቤት

*

ሉቨን፣ ቤልጂየም
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ የሺእመቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ፣ እንዴት ሰነበቱ እላለሁ። ለጋሼ ዳኛቸውም ጉልበታቸውን ሳምኩ ይበሉልኝ፤ የማያመውን ግራውን።

ደብዳቤዎ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ያለውን የጋሼን የእጅ ጽሑፍ ሳይ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። እትዬ፣ ሳልለካ ጽፌ ማኅተም ብመታበት ግን መጀመሪያ የሚታዘቡኝ ራሳቸው ናቸው።

የኔ ሥራ እንዲህ ነው። አረጋውያን ይመጣሉ፤ ዳሌያቸው፣ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ኳሶች እንለጥፋለን። ከዚያ ከወንበር ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ደረጃ ውጡ እንላቸዋለን። ካሜራዎቹ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ስንት እንደታጠፈ ይመዘግባሉ፤ ወለሉ ደግሞ እግራቸው በምን ያህል ኃይል እንደገፋው ይመዝናል። የምናጠናው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከአንድ ዓይነት ወንበር እንዴት በተለያየ መንገድ እንደሚነሡ ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ለመነሣት ዶክትሬት?» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። «ጉልበቱ አለቀ» ሲሉ የቱን ነው? የሚታጠፈውን ነው ወይስ አቅሙን? በአማርኛ ለሁለቱም አንድ ስም ነው ያለን፤ እዚህ ግን ለየብቻ ነው የምንለካቸው። የሚያመው ጉልበት አንዳንዴ ብርቱ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉልኝ። መደገፊያ ክንድ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስጠግተው ያስቀምጡ። እጅ ደረት ላይ ይጣመር። አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ መነሣት፣ አምስት ጊዜ መቀመጥ፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በሰዓት ይያዝ። አነሣሱንም ይጻፉልኝ፤ ደረት ምን ያህል ይጎነበሳል፣ ጉልበቶቹ ወዴት ያዘነብላሉ፣ እጅ ከደረት ይፈታል ወይ። ሁለታችሁም ነው የምትሠሩት። እርስዎን ሳልለካ ለሳቸው አልጽፍም።

ናፋቂዎ ናዝራዊት

*

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለናዝራዊት፤

ዘመንሽ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ግቢያችን ጎን ያሉትን ቤቶች ማፍረስ ጀምረዋል፤ አቧራው ነው እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ያልሽውን አደረግን። ጋሼ ዳኛቸው ፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ኮቱን አውልቆ መጣ። የእጅ ሰዓቱን ለኔ ሰጠኝና እኔ ያዝኩለት። ውጤቱ ይኸውልሽ።

ዳኛቸው፣ ሃያ ስድስት ሰከንድ።
የሺእመቤት፣ አሥራ ሦስት ሰከንድ።

አነሣሱን ጻፊ ስላልሽኝ፣ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይሳባል። ከዚያ ደረቱ ጭኑን እስኪነካ ድረስ ይጎነበሳል። ብድግ ሲል ሁለት ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይጠጋጋሉ፤ ሊሳሳሙ ምንም አይቀራቸው። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አራተኛው ላይ እጄን ከደረቱ ፈትቶ ጭኑ ላይ ይደገፋል። ሲቀመጥ ደግሞ ቀስ ማለት አይችልም፣ ዱብ ነው የሚለው። የኔ ብዙ የሚጻፍለት አይደለም። ጋሼ ከወጣ በኋላ ብቻዬን ሠራሁት፤ ብድግ፣ ቁጭ፣ አለቀ።

«ስንት ሆንኩ?» አለኝ። «ሃያ ስድስት» አልኩት። «የፈጠንኩ መስሎኝ ነበር» ብሎ ኮቱን ለበሰ። አንጀቴን በላው። በይ አሁን ወረቀቱን ቶሎ ላኪው፤ ጥር እየቀረበ ነው። ማኅተሙን እንዳትረሺ።

ሰላምሽ ይብዛ።
አክስትሽ የሺእመቤት

*

ሉቨን፣ ቤልጂየም
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ የሺ፤

ጉልበትዎን እስማለሁ። ዛሬ ግን ቀስ ብዬ ነው የምስመው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጋሼ ጫማቸውን ለማሰር እንኳ መጎንበስ አይችሉም ብለውኝ ነበር። በሁለተኛው ደረታቸው ጭናቸውን ይነካል። የደረቀ ወገብ በሁለት ወር እንዲህ አይለሰልስም። ጉልበቶቹም ወደ ውስጥ ይጠጋጋሉ አሉኝ። ወንድ ሰውም እንዲህ ሊነሣ ይችላል፤ እኛ ጋ ከለካናቸው ግን በዚህ ዓይነት የሚነሡት በብዛት ሴቶች ናቸው። የጭናቸው ጡንቻ ብቻውን አልችል ሲል ወደፊት በጣም ተጎንብሰው ሥራውን ለዳሌያቸው ያካፍሉታል።

ከዚያ ደግሞ አንዲት ፊደል። «እጁን» ማለት ሲገባዎ «እጄን» ብለው ጽፈዋል።

እትዬ የሺ፣ ጭን ላይ የተደገፈው እጅ የማን ነው?

አልቆጣሁም። ላስረዳዎ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ስናረጅ የሁላችንም ጡንቻ ይቀንሳል። ብዙዎቻችን ሴቶች ግን ከመጀመሪያውም የያዝነው ያነሰ ስለሆነ፣ ከወንበር ለመነሣትና ደረጃ ለመውጣት ከሚበቃው በታች ቀድመን እንወርዳለን። የጋሼ ችግር መገጣጠሚያው ነው። ደርቋል፣ ያማል፣ ይጮኻል፤ ስለዚህ አገር ያየዋል። ጭናቸው ግን ገና በደንብ ይገፋል። የእርስዎ መገጣጠሚያ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ አያምዎትም፤ የደከመው የሚያነሣው ጡንቻ ስለሆነ ማንም አላየብዎም። መርፌውን ጎንበስ ብለው ያነሣሉ፤ ከዚያ ቀና የሚሉት ምን ይዘው ነው?

ደግሞ የሚያስደስተውን ልንገርዎ፤ ጡንቻ በሰባ ሁለት ዓመትም ይመለሳል። በየቀኑ አሥር ጊዜ ከወንበር መነሣት ይጀምሩ፤ ካቃተዎ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት። ስልሳ አራት ደረጃ በየቀኑ፣ ዘምቢልና ውሃ ይዞ መውጣት ግን ሌላ ነው።

ለጋሼ አልነገርኩም። የሚነግሯቸው እርስዎ ነዎት። ደረጃው ላይ ብቻዎን ሆነው እየታዩኝ ግን ሰሞኑን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

የምወድዎ ናዝራዊት

*

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለናዚ፤

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰሽ። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ራሱ ጋሼ ነው። ቆሞ እያየኝ አነበብኩት። «ምን አለች?» ሲለኝ «እንኳን አደረሳችሁ አለች» አልኩት። ከገና በፊት አሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ ምን ያህል እንደደነገጥኩ ተመልከቺ።

ጠየቅሽኝ፣ ልመልስ። የስፌት መኪናውን ጠርዝ ይዤ ነው ቀና የምለው። መኪናው ከሌለ ግድግዳ። በነሐሴ ቤቴል ላይ ከታክሲ ስወርድ እግሬ አልይዘኝ ብሎ ተዘረጋሁ፤ ለጋሼ «ጭቃው አንሸራተተኝ» አልኩት። ረቡዕ በሴቶች ጸሎት ሁሉም ሲንበረከክ እኔ «ቀሚሴ ይቆሽሻል» እላለሁ። እህቶች ኩራት መስሏቸዋል። ተንበርክኬ መነሣት ቢያቅተኝስ ብዬ ነው። ጌታ ግን ያውቀኛል፤ ወንበር ላይ ሆኜም ይሰማኛል።

አሁን ደግሞ አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ያቋረጥኩ፣ ቤት የተቀመጥኩ። ጋሼ ፖስታ ቤት አዲስ ገብቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ አልተሳፈረም። ከቀራንዮ መሀል ከተማ በእግሩ ሄዶ፣ ቀኑን ቆሞ ማኅተም ሲመታ ውሎ፣ በእግሩ ይመለስ ነበር። በክረምት ጭቃው እስከዚህ ነው። ባጠራቀመው በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና ገዛልኝ። በዚያ መኪና አባትሽን ፀሐዬን አስተማርኩት፤ እሱ ደግሞ አንቺን አስተማረ። ያ ዛሬ ማድ ቤት ድረስ የሚሰማው ጉልበት ያለቀው ለኔ መኪና ነው።

እኔ ታች ቁጭ ብዬ የሱን ምርኩዝ ደረጃው ላይ ልስማ? አልችልም ልጄ። ከወደቅሁም እኔ ልውደቅ።

እባክሽ ዝም በይልኝ። ለጋሼ አንዲት ቃል እንዳትጽፊለት፣ እንዳትደውዪለት። ወረቀቱን ተዪው፤ ሃያ ስድስቷን ራሱ አምኗታል፣ እየለሰለሰ ነው። ቃል ግቢልኝ።

አክስትሽ

*

ሉቨን፣ ቤልጂየም
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

ጉልበትዎን ስሜ፣ ቃል ገብቻለሁ። ለጋሼ ደብዳቤ አልጽፍም፣ አልደውልምም።

ይህን የሚያነቡት ከጥቅሉ ውስጥ አውጥተው ነው። የሚለጠጥ ሰፊ ላስቲክ ነው፤ ተቀምጠው እግርዎ ላይ አጥልቀው ወደፊት እየገፉ ጭንዎን ያጠነክሩበታል። አሠራሩን በሥዕል ሠርቼልዎታለሁ።

በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት። ጥቅል ሲላክ የጉምሩክ ወረቀት ከላዩ ይለጠፋል፤ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ለማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያገለግል በትክክል መሞላት አለበት። ሕግ ነው። እኔም ሞላሁት። ከእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛ ብጨምርበት ማንም አልከለከለኝም።

ይቅር ይበሉኝ።
ናዝራዊት

*

ቤቴል፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተንኮለኛዋ የወንድሜ ልጅ ለናዝራዊት፤

ጌታ ይባርክሽ፤ እኔ ግን ልባርክሽ ወይስ ልቆጣሽ ገና አልወሰንኩም።

ጥር ሃያ አምስት ቀን ጋሼ ጥቅሉን ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ ዕቃ ሲያመጣ ኮቱን አውልቆ ነው የሚቀመጠው። ያን ቀን ቆሞ ቀረ። ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። አዎ፣ ውስጡን አይከፍትም። ከላይ የተጻፈውን ማንበብ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ደመወዝ የተከፈለበት ሥራው ነው፤ እኔ ሞኟ ይህን ረሳሁ፣ አንቺ አልረሳሽም። እንዲህ ይላል፤ «የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ላስቲክ። ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሣት ሃያ ስድስት ሰከንድ ለሚፈጅባቸው ለወይዘሮ የሺእመቤት።»

«ይሄ ቁጥር የኔ አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

«ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል።»

«ናዚ ቁጥር አትሳሳትም።» ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ አደረገው። ተቀመጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ፣ ተነሣ። ጉልበቱ እየጮኸ፣ ፊቱ እየተቋጠረ፣ አምስት ጊዜ። አሥራ ሦስት ሰከንድ።

«በይ አንቺ።»

«እንጀራ እየጠበቀኝ ነው።»

«የሺ፣» አለኝ፣ «አድራሻው የተሳሳተ ደብዳቤ እጄ ገብቶ ለባለቤቱ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም። ይሄ ያንቺ ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። አራተኛው ላይ እጄ ጭኔ ላይ ወረደች። አየ። እኔ ነኝ ማልቀስ የጀመርኩት። ያንን ያለፈውን ሁሉ አወጣሁት፤ በእግሩ መሄዱን፣ ጭቃውን፣ መኪናውን። ሲያዳምጠኝ ቆይቶ ሳቀ። «ለመኪናሽ ብቻ የሄድኩ መሰለሽ? የነበላይነሽ ቤት መንገዱ ላይ ነበር። አውቶቡሱ በዚያ አያልፍም።» በጌታ ያረፈችውን ሚስቱን ማለቱ ነው። ሃምሳ ዓመት አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ይዋሽ አይዋሽ አላወቅሁም፤ ዋሽቶም ከሆነ እኔ በየት አፌ እናገረዋለሁ።

ከዚያ ምርኩዙን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። የወደቀ መስሎኝ ልጮህ ነበር። ጠረጴዛውን ይዞ፣ ሦስት ጊዜ «ወይኔ» ብሎ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጉልበቴን ሳመው። ናዚ፣ ታላቄ ነው። አባታችን ካረፉ ጀምሮ በየበዓሉ የሱን ጉልበት የምስም እኔ ነኝ። «ተው፣ ነውር ነው፣ ሰው ያየናል» አልኩት። ቤት ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ማንም አልነበረም። «ታናሽ ሆነሽ ሸክሜን ልትሸከሚ ተነሥተሽ፣ ይሄ ነው ነውሩ?» አለኝ። ሲነሣ ግን ምንም አልያዘም። አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ለመውረድ ተሠቃየ፣ ለመነሣት አንድ ጊዜ ገፋ።

ጥር ሃያ ዘጠኝ ወረዳ ሄደን ፈረምን። እኔ ግራውንድ፣ እሱ አራተኛ ፎቅ። ጸሐፊዋ ምርኩዙን አይታ «አባባ፣ አልተሳሳታችሁም? እርሶ አይደሉ እንዴ ታች የሚገቡት?» አለች። «ልጄ፣ አድራሻው ትክክል ነው» ብሎ ፈረመ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ገባን። መኪናዬ መስኮቱ ሥር ናት። ምርኩዙን ደረጃው ላይ እሰማዋለሁ። እንደፈራሁት ከባድ አይደለም፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብሎ መተንፈሱን ለምጄዋለሁ። በላስቲክሽም በየቀኑ እሠራለሁ። ባለፈው እሑድ ጋሼ ሰዓት ይዞልኝ ሃያ አንድ ሆንኩ። የተቆጠረው በሱ አፍ ስለሆነ እመኚው። ረቡዕ ዕለትም ወንበር አጠገቤ አስጠግቼ ተንበረከክሁ። የሴቶቹ ሰብሳቢ ትሕትና «ዛሬ ቀሚሱን ተዉት እትዬ?» አለችኝ። «አዎ፣ ይቆሽሽ» አልኳት።

ጋሼ ጠዋት ጠዋት በነጠላ ጫማ ይወርዳል፣ ቆዳ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ። በሬን አንኳኩቶ ይቀመጣል። ጎንበስ ብዬ ክሩን አስርለታለሁ፤ ያ አሁንም የኔ ሥራ ነው። ቀና የምለው ግን እጁን ይዤ ነው። እጁን ነው ያልኩሽ። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ፊደሉ ትክክል ነው።

የምትወድሽ አክስትሽ
የሺእመቤት